በሽማግሌ የተፈረደባት መኪና

የካቲት 5 ቀን 1999፣ ሰኞ፣ ቡታጅራ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለመኪናዬ ነው። ሐሩሩ ገብቷል። አንዲት ጣሊያን ሠራሽ አሮጊት መኪና እስከ ሚያዝያ ዝናብ ድረስ ከቡታጅራ እንሴኖ በየቀኑ እየተመላለሰች በሕይወት እንድትቆይ ምን እንደሚያስፈልጋት እየመዘገብኩ ልይዝ አስቤያለሁ። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ውሸት ይበዛበታል፤ ስለ ራዲያተር መዋሸት ግን ከባድ ነው።

አንደኛ፦ የራዲያተር ውሃ የሚታየው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ጎማ በሙቀት ራሱን ይነፋል። ንፋሱ የሚለካው ከመነሳት በፊት ነው።

ሦስተኛ፦ ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ ሸረፋ የቀኙን ስፖኪዮ በዱላ አወረደው።

ሸረፋ ተራ አስከባሪ ነው። የእንሴኖ ሚኒባሶች በተራቸው እንዲጭኑ የሚያደርገው እሱና ዱላው ናቸው። እኔ እንሴኖ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ጠዋት ስሄድ በዚያው የሚሠሩ መምህራን አብረውኝ ይሄዳሉ።

"መምህር፣ ይቺ ታርጋ የቤት ናት። ሰው የምትጭነው በየትኛው ተራ ነው?" አለኝ።

"ጓደኞቼ ናቸው።"

"ጓደኛ በየጠዋቱ መኪና እስኪሞላ ድረስ አይመጣም።"

ከኋላ የተቀመጠችው ፈቲሀ፣ የሒሳብ መምህርታችን፣ ሳቀች። ሸረፋ በእሱ የሳቀች መሰለውና ዱላውን አነሳ። የሳቀችው በእኔ ነበር።

የካቲት 7፣ ረቡዕ

በችኮላ። የፊት ግራ ጎማ ብሎኖች ላልተው ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሳጠብቅ ሸረፋ መጣ። ተሰዳደብን። መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ክንዱ ከመፍቻው ጋር ተጋጨ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ደም ብዙ። ብሎኖቹ ደህና ናቸው።

ማታ። ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጥቼ በዋስ ወጣሁ። ሸረፋ ሆስፒታል ነው፤ ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሁለት ቦታ መሆኑን ፖሊሱ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። አንድ ግጭት ሁለት ቦታ መስበሩ የፊዚክስ ጥያቄ ነው፣ እኔ የታሪክ መምህር ነኝ አልኩት። አልጻፈውም።

ባለቤቴ ሕይወት እራት አቀረበችና ሳትቀመጥ ጠየቀችኝ።

"ብሎን ለማጥበቅ መናኸሪያ ድረስ ሄድክ?"

"ላልቶ ነበር አልኩሽ።"

"እዚህ በራችን ላይ ጥላ አለ።"

የሴት ጥያቄ ከፖሊስ ጥያቄ የሚለየው ወደ ጽሑፍ ስለማይገባ ነው። ይኸው አስገባሁት።

የካቲት 8፣ ሐሙስ

የሸረፋ ታላቅ ወንድም ሰይዶ ከእንሴኖ መጣ። ቆዳ ነጋዴ ነው፤ መኪና የሚያውቀው ከጭነት በላይ ተቀምጦ ነው። የቆርቆሮ በራችንን በእግሩ ይደበድብ ጀመር።

"አስተማሪው! ውጣ! የወንድሜን ክንድ ይዘህ ውጣ!"

አልወጣሁም። ክንዱ እኔ ጋ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። ድንጋይ በመስኮቱ ገባ፤ ሕይወትን ትከሻዋ ላይ አገኛት። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲይዘው፣ "አርደዋለሁ፤ እንደ ፍየል ቆዳውን ገፍፌ አሰጣዋለሁ" ይል ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ቢሆን ማጋነን ነው እል ነበር። ሰውየው ግን ሙያው ነው።

የካቲት 11፣ እሁድ

ሽማግሌዎች በሀጂ ዑመይር ወፍጮ ቤት ግቢ ተቀመጡ። በእኔ በኩል ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ፍቅሩ፣ በእነ ሸረፋ በኩል ሦስት ሰዎች፣ መሐል ላይ ሀጂ። ሀጂ ዑመይር አነጋገራቸው ቀስ ያለ ነው፤ ዱቄት ሳይበትኑ የሚያወሩ ይመስላል።

"በመኪና ነው የተጣላችሁት። በመኪና ትታረቃላችሁ" አሉ።

ፍርዱ ይኸው ነው። ሸረፋ አሁን እንሴኖ ወንድሙ ቤት ነው የሚያገግመው፤ ቁስሉን ለማሳሸግ በቀጠሮ ቀን ሁሉ ከዚያ ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል እኔ አመጣዋለሁ፣ እኔ እመልሰዋለሁ፤ እጁ ጨብጦ ዱላ እስኪይዝ ድረስ።

"ኮንትራት መኪና ብይዝለትስ?"

"አይሆንም። በገዛ መኪናህ፣ በገዛ እጅህ።"

"አሮጌ ናት እኮ፣ ሀጂ።"

"እኔም አሮጌ ነኝ። ይኸው ተቀምጬ እፈርዳለሁ።"

አንድ ቀጠሮ ከቀረሁ ዕርቁ ፈረሰ፤ ሰይዶም ከመሐላው ነፃ ነው። እስከዚያ ግን እጁን እንዳያነሳብኝ ማለ። ሲምል አጥንት የሚውጥ ሰው ይመስል ነበር።

ስለዚህ አሁን ሕይወቴ በአንድ ራዲያተር፣ በአራት ጎማና በአንድ የሞተር ቺንጋ ላይ ተንጠልጥሏል። የመኪና አያያዝ ደብተር መጀመሬ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ጉዞ። የማስተምረው በጠዋቱ ፈረቃ ስለሆነ ሸረፋን የማነሳው ልክ ቀትር ላይ፣ አስፋልት ሲቀልጥ ነው። አጠገቤ ተቀመጠ። መኪናዋ ውስጥ የመግልና የመድኃኒት ሽታ ሞላ።

"ያማል?" አልኩት።

"አንተ ምን ይመስልሃል?"

"የሚያም ይመስለኛል።"

"አይ መምህር! አስተማሪ መሆንህ ለካ በከንቱ አይደለም።"

ዳገቱ ላይ የሙቀቱ መርፌ ከፍ አለ። ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ የሚረዳ ዘዴ፦ የክረምቱን ማሞቂያ ከፍቶ ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ ውስጥ መሳብ። ሞተሩ ይተነፍሳል። ሰው ይጠበሳል። ሸረፋ እሳት የሚተፋውን ቀዳዳ አየው፣ እኔን አየኝ።

"መስበሩ አልበቃህም? ልትጠብሰኝ ነው?"

አስረዳሁት። መናኸሪያ ያደገ ሰው ነው፤ ገባው። "ማርሽ ቀንስ እንግዲህ፤ አታስጨንቃት" አለኝ። ቀነስኩ። መርፌው ተመለሰ።

የካቲት 19፣ ሰኞ

መካኒኩ አብዱልሃፊዝ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ቴርሞስታት ነቅሎ ጣለው። የሁሉንም ሰው መኪና ቴርሞስታት ነቅሎ የሚያጠራቅምበት ቆርቆሮ አለው።

"ጋሽ ገዛኸኝ፣ ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው። ቡታጅራ ምን ያደርጋል? ውሃው እንደፈለገ ይሂድ!"

መጽሐፉ አይነቀልም ይላል። አብዱልሃፊዝ መጽሐፉን የጻፈው ሰው እንሴኖ ሄዶ ያውቃል ወይ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"የመሐላዋ መኪና ይቺ ናት አይደል?" አለኝ።

ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሻይ ቤት እስከ መቼ እንደምትቆይ የሚወራረዱ አሉ። አብዱልሃፊዝ በየትኛው ወገን እንደተወራረደ አልነገረኝም። ብሎኖቹን ግን እንደገና ቤቴ ፈተሽኩ፤ በራችን ላይ፣ ጥላው ሥር።

የካቲት 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሰይዶም ተሳፈረ። ልክ ከኋላዬ ተቀመጠ። ጫፉ ብረት የሆነ ዱላ ይዟል።

"ምን ልትሠራ?" አለው ሸረፋ።

"ወንድሜን ላስታምም።"

መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር የዱላው ብረት ማጅራቴን ይወጋኛል። መንገዱ ጉድጓድ አያጣም። አንዴ ዞሬ "መሐላ አለብህ" ብለው፣ "እኔ ምን አደረግሁ? መንገዱ ነው" አለኝ። እዚህ ላይ ልከራከረው አልቻልኩም፤ እኔም ስለ መፍቻው ተመሳሳይ ነገር ተናግሬያለሁ።

የሸሚዜ ኮሌታ በደም ደርቋል። ሕይወት ዘፍዝፋዋለች።

ማስታወሻ፦ ከኋላ ጭነት ሲኖር የኋላ ጎማ ንፋስ ይጨመራል።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ መኪናዬ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። እጄ ጉንጩ ላይ አረፈ። አፍንጫው ደማ፤ የልጅ አፍንጫ ስስ ነው።

ፈቲሀ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። "ገዛኸኝ፣ ከነገ ጀምሮ በሚኒባስ ነው የምሄደው" አለችኝ። ሌሎቹም ተከተሏት።

ሙቀቱ ይመስለኛል። የመኪናዋ የኋላ መስኮት በደንብ አይወርድም።

መጋቢት 9፣ እሁድ

ሕይወት እናቷን ልትጠይቅ ወልቂጤ ሄደች። ሁለቱንም ሻንጣ ይዛለች።

ትናንት እራት ላይ ስለዚያ ልጅ አንስታ ነበር፤ የልጁ እናት ከቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች አንዷ ናት። ሳህኑ ከግድግዳው ጋር ተገናኘ። ሕይወትን አልነካትም፤ ይህን በግልጽ መመዝገብ እፈልጋለሁ። ስባሪው ነው የነካት፣ እሱም ግንባሯን ብቻ።

አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሜ ራዲያተሩ እየተሻለው መሆኑን ነገርኳት።

"ሰይዶ በሩን ሲደበድብ ፈርቼ ነበር" አለችኝ። "አሁን ግን አንተ በሩን ዘግተህ ስትገባ ነው የምፈራው።"

በዚህ ሐሩር ረጅም መንገድ የሚሄዱ አውቶቡሶች ጎማቸውን መፈተሽ አለባቸው። የእሷን ፈትሼላታለሁ። ደህና ነው።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

የገበያ ቀን። ቡታጅራ መግቢያ ላይ በርበሬ የተጫነች አህያ መሐል መንገድ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስም አለች። ጡሩንባ ነፋሁ፤ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም።

"ሸረፋ፣ ይቺ ደግሞ በየትኛው ተራ ነው የቆመችው?" አልኩት።

ሳቀ። ሳይፈልግ ነው የሳቀው፤ ከሆዱ። እኔም ሳቅሁ። ክንዱን ከሰበርኩበት ቀን ወዲህ አብረን የሠራነው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ሰይዶ ከኋላ ዱላውን አንስቶ የወንድሙን ጀሶ መታው። አንዴ አይደለም። ጀሶው ተሰነጠቀ፤ ሸረፋ አህያዋን ያስሮጠ ጩኸት ጮኸ። ደሙ በስንጥቁ በኩል እስከ ማርሹ ወረደ።

"ከሰበረህ ሰው ጋር ትስቃለህ? ውሻ!"

ሆስፒታል ሐኪሙ ማን እንደመታው ጠየቀው። "በር ነው" አለ ሸረፋ። ሐኪሙ እኔን አየ። ነርሷ እኔን አየች። ዘበኛውም አየኝ። አጥንቱ ከቦታው ስለለቀቀ እንደገና ከመጀመሪያው ታሰረ፤ ቀጠሮው ተራዘመ።

ሰይዶ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ ሸረፋ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ገብቶሃል አይደል፣ መምህር? ክንዴ እንዲድን አይፈልግም። ከዳነ አንተን የሚገድልበት ምክንያት ያጣል።"

"ለምን ለሀጂ አትነግራቸውም?"

"አብሬው ነው የማድረው" አለኝ።

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

እጄ ረግቷል፤ ስለዚህ በዝርዝር እጽፋለሁ።

ከእንሴኖ ልንነሳ ስንል ሰይዶ ከመቀመጫው ሥር የማስቀምጠውን የውሃ ጀሪካን አወጣና ራሱ ላይ አፈሰሰው። የተረፈውን መሬት ላይ ደፋው።

"ለመኪናዋ ነው እኮ" አልኩት።

"መኪናዋ ከእኔ ትበልጣለች?"

ባዶውን ጀሪካን ከመቀመጫው ሥር መለስኩት።

መንገዱ አጋማሽ ላይ መርፌው ቀዩ ውስጥ ገባ። አንድ ግራር አየሁና ጥላው ሥር ላቆም ፍሬን ያዝኩ። የዱላው ብረት ማጅራቴ ላይ ተተከለ።

"ንዳ!"

"ፈልታለች። ትንሽ ካልቀዘቀዘች ትሞታለች።"

"ትሙታ! እሷ ስትሞት ነው መሐላው የሚያበቃው። ንዳ ብዬሃለሁ!"

ሸረፋ "ሰይዶ፣ ተው በአላህ" ሲል በዱላው ጫፍ ጆሮው ላይ ደረሰው። ነዳሁ። ብዙም አልሄድንም። ነጭ እንፋሎት መስታወቱን ሸፈነው፤ ሞተሩ እንደ ታረደ በሬ ጓጎረና ዝም አለ። አካባቢው የደረቀ የበቆሎ ማሳ ነው፤ ቤት የለም።

ሰይዶ እየሳቀ ወረደ። "አለቀ! ዛሬ አለቀ!" ኮፈኑን ከፈተ። ውሃ ስሞላ ደጋግሞ አይቶኛል፤ ውሃ በየት በኩል እንደሚገባ ያውቃል። ክዳኑን ነቅሎ ማሳው ውስጥ ሊወረውረው፣ መኪናዋም ዳግም እንዳትነሳ ሊያደርግ ነው። ራሱ እየነገረን ነበር የሚሄደው።

የፈላ ራዲያተር ክዳን እንደማይነካ እኔ አውቃለሁ። መናኸሪያ ያደገ ሰውም ያውቃል። የተጠመደ ነገር ነው፤ የሚፈነዳው ለከፈተው ነው።

እኔ ጨርቅ እየፈለግኩ ነበር። ሸረፋ የበሩን እጀታ በግራ እጁ ይዞ ነበር። ሰይዶ በእርጥብ ሸሚዙ ጠቅልሎ ክዳኑን ጨበጠና ጎንበስ ብሎ አዞረው።

የወጣው ድምፅ የሰው አልነበረም፤ መጀመሪያ የውሃው ነበር፣ ቀጥሎ የእሱ። ክዳኑ ከራሳችን በላይ ተወነጨፈ። ሰይዶ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተሽከረከረ፣ ወደቀ፣ መሬቱን በራሱ ይመታ ጀመር። እጆቹን ከፊቱ ሲያነሳ ቆዳው አብሮ ተነሳ።

ከድጄ የምትባል የአካባቢው ሴት ውሃ ጭና ከአህያዋ ጋር ስታልፍ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ መጣች። ሁለት ጀሪካን ነበራት። አንዱን ፊቱና ደረቱ ላይ አፈሰስን። ሁለተኛውን ያዝኩት።

"ሰው እየነደደ ውሃ ትቆጥባለህ?" አለችኝ።

ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ሞተር ውስጥ ከገባ ብረቱ እንደሚሰነጠቅ፣ መኪናዋ ካልተነሳች ደግሞ ሰውየው ሆስፒታል እንደማይደርስ አስረዳኋት። ትክክል ነበርኩ። ተፋችብኝ፤ ጀሪካኑን ግን አልነጠቀችኝም።

እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። እኔና ሸረፋ ዝም ብለን፣ ሰይዶ ዝም ሳይል። ክዳኑን ሸረፋ ከማሳው ውስጥ ፈልጎ በግራ እጁ አመጣው። ውሃውን ሞላሁ፣ ሞተሩ በሦስተኛው ተነሳ፣ ማሞቂያውን ከፍቼ እየቆምኩ ደረስን።

ሰይዶ አልጋ ያዘ። የሸረፋም ቁስል ታሸገ። ቀጠሮው አላለፈም።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

ኮፈኑ ሥር የተጣበቀውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጠብኩ። አዲስ ቺንጋ። ራዲያተሩን አብዱልሃፊዝ በየደ። "የሰው ዕድል!" ይላል እየደጋገመ። የማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሚያዝያ 7፣ እሁድ

እንደገና ሀጂ ዑመይር ግቢ። ሰይዶ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ በሰው ተመርቶ መጣ። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ቀኙ ገና አልታወቀም። ዱላ አልያዘም።

"መምህር፣ ክዳኑን ሊከፍት ሲሄድ አይተኸዋል?" አሉኝ ሀጂ።

"አይቻለሁ።"

"ተው ብለኸዋል?"

አፌን ከመክፈቴ በፊት ሸረፋ ተነሳ።

"ጮኋል። 'አትንካ!' ብሎ ጮኋል። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።"

"አልሰማሁም" አለ ሰይዶ ከፋሻው ውስጥ።

"አንተ መቼ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ!"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሀጂ ዑመይር አልሳቁም። ሸረፋን ረጅም ጊዜ አዩት።

"የእናትህ ልጅ ነው፣ ሸረፋ። ጮኋል?"

"ጮኋል፣ ሀጂ።"

ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ አልነበረም። ሸረፋ በጨርቅ ከአንገቱ የተንጠለጠለ ክንዱን እያሳየ ስለ ዱላውም ተናገረ፤ መሐላውን ያፈረሰው ሰይዶ ሆነ። ደም የለም፣ በቀል የለም ተባለ። ሦስታችንም ተቃቀፍን። ሰይዶን ሳቅፈው ደረቱ ላይ ያለው ቁስል እንዳይነካ ተጠንቅቄያለሁ፤ ቢሆንም ጮኸ።

ሀጂ ሊነሱ ሲሉ ጨመሩ። "ሁለቱንም አመላልሳቸው። መንገዱ አንድ ነው።"

እኔ ስለ መጮኼ እዚህ ደብተር ላይ ቀደም ብዬ አልጻፍኩም። ረስቼው ይሆናል። ሸረፋ በሽማግሌ ፊት የመሰከረውን እኔ በገዛ ደብተሬ ማስተባበል ግን ብልግና ነው። ጮኼያለሁ።

ለሕይወት ወልቂጤ ደወልኩላትና ዕርቅ ወረደ አልኳት።

"ከማን ጋር?" አለችኝ።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

ውሃ ሙሉ። ጎማ ደህና። ቺንጋው አዲስ።

ሸረፋ ከፊት፣ ሰይዶ ከኋላ። ሰይዶ መስኮቱን በእጁ እየዳበሰ ፈለገው፤ ስንነሳ የፊት ወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ። ሸረፋ የቀኝ እጁን ጣቶች አጥፎ ሊጨብጥ እየሞከረ ነበር፤ ግማሽ ድረስ ይታጠፋሉ። ከእንሴኖ ወጥተን ማሳዎቹ ጋ ስንደርስ ወደ መንገዱ እያየ፣ ድምፁን ከሞተሩ በታች አድርጎ ተናገረ።

"አልጮህክም።"

"አንተም ታውቅ ነበር" አልኩት።

"አውቅ ነበር።"

"ምንድን ነው የምታወሩት?" አለ ሰይዶ ከኋላ።

"ስለ ውሃው ነው" አለው ሸረፋ። "ሞልቷል ወይ እያልኩት ነው።"

"ሞልቷል?"

"ሞልቷል" አልኩ።

ከዚያ ሰይዶ፣ ከዚህ በፊት ከአፉ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "መምህር፣ እባክህ ቀስ ብለህ ንዳ። ጉድጓዱ ፊቴን ያመኛል" አለኝ።

መንገዱ ጉድጓድ አያጣም። ቀስ ብዬ ልነዳ አስቤ ነበር። ቤንዚኑን የረገጠው እግሬ ነው።